ከመቅደሱ ሊሾ ሥር

መጋቢት 24
ቁፋሮው ምሥራቅ ጫፍ ደርሷል። ሙቀቱ አያስተነፍስም። ፎርማናችን ደባልቄ መጥቶ «አባ፣ አንዴ ይምጡና ይዩልኝ» አለኝ። ስለ ቅዳሴ ቤቱ ቀን ከሀገረ ስብከቱ ጋር በስልክ እየተነጋገርኩ ነበር። ነገ አልኩት። ቀኑ ተቆረጠ። ለፍልሰታ ጳጳሱ ራሳቸው መጥተው ይባርኩታል።

መጋቢት 25
አየሁት።

መጀመሪያ ያገኘችው ነዕማ ናት። የሽማግሌው የማህጁብ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷ ቤት ተመልሳ እየኖረች እኛ ጋ በቀን ሥራ አፈር ታወጣለች። ዶማው የነካው ድንጋይ የተጠረበ ነው ብላ ሥራውን አስቆመች። አፈሩን በእጃችን ጠረግነው። የድንጋይ ግድግዳ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ይጎብጥና እንደ ግማሽ ጨረቃ ዞሮ ይገጥማል። ከጉብጠቱ መሀል አንድ ደረጃ አለ። ደረጃው ላይ መስቀል ተቀርጿል፤ ክንዶቹ እኩል፣ ጫፋቸው ሰፋ ያለ።

ደባልቄ ጎጃሜ ነው፤ ኦርቶዶክስ። ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከና ሳመው። «አባ፣ ይኼ እኮ መቅደስ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔም ካቶሊክ ብሆን ካህን ነኝ፤ መቅደስ ሳይ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ እዚህ የቆመ ካህን ነበር። በምን ቋንቋ ቀደሰ? ከሱዳን ወገን መጣ ወይስ ከደጋ? ቤቱ ሲፈርስ የት ገባ? ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ጥቂት ቆምኩ። በደስታ ነው ብዬ ነበር።

በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ብዬ መጻፍ አልችልም። ማህጁብ ነግረውኛል። ኮረብታውን የሰጡን እሳቸው ናቸው። ሙስሊም ሆነው ለክርስቲያን የጸሎት ቤት መሬት ሲሰጡ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ የሰማ ሁሉ ገርሞታል። ያን ቀን ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አቡና፣ ከላይ ድንጋይ አለ። አንተ አትንካ። እኛ አያርስም፤ ከብት አያስገባም። ድሮ እዚህ ሰው ይሰግድ ነበር፤ የማን ሰው እንደሆነ አላህ ያውቃል። አማና ነው።» አቡና ሲሉ አባታችን፣ አማና ሲሉ አደራ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ጨብጬ «እሺ አባቴ» አልኩ።

ድንጋይ ሲሉኝ የገባኝ ከላይ የሚታየው ክምር ነው። እሱን ትንሽ ዞር አደረግነው እንጂ አልጣልነውም።

መጋቢት 26
እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

ደባልቄ ሁለት መንገድ ነገረኝ። አንዱ ሕንፃውን ወደ ምዕራብ ሳብ ማድረግ ነው። ምዕራቡ ቁልቁለት ስለሆነ መደገፊያ ግንብ ይፈልጋል፤ ግንቡ ሳያልቅ ዝናቡ ይይዘናል። ሁለተኛው አሶሳ ላለው የባህል ቢሮ ማሳወቅ ነው። ቢሮው መጥቶ ያስቆመዋል። ጥናት ይባላል። ጥናቱ እስኪያልቅ ማን ይኖራል?

ምእመናኔ የሚጸልዩት ነፋስ በሚያንኳኳው የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዛሬ እንኳ ሪም መጥታ ነበር። በጦርነቱ ከሱዳን ተሰዳ ባምባሲ መጠለያ የምትኖር ሴት ናት፤ የሴቶች ማኅበራችንን የምትመራው እሷ ናት። ጉድጓዱን በሩቁ አይታ «አቡና፣ እኔ ቤት ሲቃጠል ነው ያየሁት፤ ሲሠራ አላየሁም» ብላኝ ሳቀች። እሷን ምን ልበላት?

ደግሞ የሰላም ጉዳይ አለ። ይህ ነገር ቢሰማ አንዱ የእኛ ነው ይላል፤ ሌላው የለም የእኛ ነው ይላል፤ ማህጁብም መሬቴን መልሱ ይሉ ይሆናል። ይህ ክልል ያየውን አይቷል። መተከል ሳለሁ የጀመርኩት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሳያይ ሕዝቡ ተበትኗል። እኔም ሌላ ደብር የሚሰጠኝ ዕድሜ ላይ አይደለሁም። ይህ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ሰላም ነው።

መጋቢት 28
ተሞላ። ጉድጓዱ በጠጠር፣ ከላዩ አርማታ። ሚክሰሩ ሲጮህ ዋለ። ደባልቄ ከመሞላቱ በፊት መስቀሉን ላስቲክ አለበሰው። ማን አዘዘህ አላልኩትም። ምሳውን አልበላም።

ራስ ምታት።

ሚያዝያ 2
ማህጁብ መጡ። ሁሌም እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ጠየቁ፤ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ውሃዬ። ከዚያ አርማታውን በዱላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

«ከሥር ድንጋይ አገኘ?»

«ምንም የለም አባቴ። ተራ ድንጋይ ነው» አልኩ።

ነዕማ ጄሪካን ይዛ አጠገባችን ቆማ ነበር። አባቷ ዘወር ብለው በቋንቋቸው ጠየቋት። መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔን አየችኝ። የመለሰችው አልገባኝም፤ ውስጡ ያለውን «ወላሂ» ግን ሰማሁ።

ከትናንት ወዲያ «አባትሽን ማስጨነቅ አያስፈልግም» ብያት ነበር። ዋሺ አላልኳትም። እንድትምል ደግሞ ፈጽሞ አላልኳትም።

ማህጁብ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ማታ ማንጎ ላኩልኝ።

ሚያዝያ 5
ለነዕማ መዋዕለ ሕፃናታችን ውስጥ ቋሚ ሥራ ሰጠኋት፤ ምግብ ታበስላለች፣ ታጸዳለች። ስለ ሌላ ነገር አይደለም። ታታሪ ስለሆነች ነው።

ማንጎውን ለሕፃናቱ ሰጠሁት።

ግንቦት 9
ዝናብ። ብሎኬቱ እስከ መስኮት ደርሷል። ምእመናኑ ከቅዳሴ በኋላ እየመጡ ግድግዳውን በእጃቸው ይዳስሳሉ። በስብከቴ ስለ አሥሩ ደናግል ተናገርኩ። ለዛሬ የተመደበው ሐናንያና ሰጲራ መሬት ሽጠው የዋሹበት ንባብ ነበር። ቀየርኩት። ማንም አላወቀም።

ሰኔ 3
ጣሪያው ለበሰ! ከመንገዱ ይታያል። ከባምባሲ ስመለስ የሚኒባሱ ሹፌር ለጎኑ ሰው «የማህጁብ ቤተ ክርስቲያን ያ ነው» ሲለው ሰማሁ። እንዲያ ነው የሚሉት ለካ። ልቤ ሞቀ። ወዲያው ቀዘቀዘ።

ሰኔ 11
ደባልቄ ሥራ ለቀቀ። የመቅደሱ ሊሾ ትናንት ነው ያለቀው። ልብሱን ሸክፎ መጣ።

«አመመህ?» አልኩት።

«አላመመኝም። አባ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ ላስተምርዎት አልችልም። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ሊሾ ስስብ ሰው ፊት ላይ የምረግጥ እየመሰለኝ ነው።»

«ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ኃጢአት ካለው በእኔ ላይ ነው» አልኩት። ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«እሱማ አዎ። እጁ ግን የኔ ነው» አለኝ። ይፍቱኝ አላለም። እስከ ዛሬ ሳይል ተለይቶኝ አያውቅም።

ሰኔ 12
ደባልቄ ዛሬ መኪና ከመያዙ በፊት ማህጁብ ቤት ሄዶ ተሰናብቷቸዋል አሉ። ስንብት ይሆናል። ጨዋ ሰው ነው።

ሰኔ 13
ስንብት ብቻ አልነበረም፤ ያየውን ነግሯቸዋል።

ነዕማ ጠዋት የግቢያችን በር ሥር ተቀምጣ ተገኘች። ከለበሰችው በቀር ምንም አልያዘችም። ነጠላዋ በዝናብ በስብሷል። አባቷ ጎረቤቱ ባለበት ጠይቀዋታል። አዎ አይቻለሁ አለች። በአላህ ስም ምለሽልኛል አይደል አሏት። አዎ አለች። እንግዲያው ከቤቴ ውጪ።

«ለምን እኔ እንዳልኩሽ አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ከንፈር የኔ ነው፤ አቡና» አለችኝ። ደባልቄም እጁን እንዲያ ነበር ያለው። የተማከሩ ይመስላሉ።

የሠራተኞቹን ክፍል ከፈትኩላት። ፍራሽና ብርድ ልብስ ሰጠኋት። ዛሬውኑ ወደ ማህጁብ መሄድ ነበረብኝ። ዝናቡ በረታ።

ሰኔ 20
አልሄድኩም። ነገሩ ይብረድ ብዬ ነው። የአባትና የልጅ ጉዳይ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ይብሳል።

ሰኔ 26
ገበያ ውስጥ። ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ያወራሉ፤ ሰፋሪዎች ናቸው።

«የማህጁብ ልጅ እኮ ቄሱ ግቢ ገብታለች።»

«ሊያጠምቋት ነዋ።»

«ማጥመቅ ብቻ ከሆነ ጥሩ።»

ዞር ብዬ እንዲህ አይደለም ማለት እችል ነበር። ታዲያ እንዴት ነው ቢሉኝስ? ሽንኩርቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሐምሌ 4
ወንድሟ ሀይደር መጣ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከበር አልገባም። «አባ፣ እህቴን ሃይማኖት አስለውጠዋል የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። በፍጹም አልኩ። «እኔ አምንዎታለሁ። ወጣቶቹ ግን አያምኑም። እኔ እስከቻልኩ እያረጋጋኋቸው ነው። የምነግራቸው ነገር ይስጡኝ» አለ።

የምሰጠው ነገር ነበረኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል በላቸው» አልኩት።

አየኝ። ሄደ።

ሐምሌ 19
ቀለም። ወንበሮች ከነቀምት መጡ። ሀገረ ስብከቱ የጥሪ ካርድ ላከ። ተጋባዦቹ መካከል «የመሬቱ ለጋሽ ክቡር ማህጁብ» ይላል። ካርዱን የሚያደርስ ሰው ጠፋ። እኔ አደርሳለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሐምሌ 30
ነዕማ አትበላም ይላሉ ወጥ ቤት ያሉት። ሰላም ስላት ቀና አትልም። የአባቷ ቤት ከግቢያችን ጀርባ ከጉብታው ላይ ይታያል። ከሥራ በኋላ እዚያ ቆማ አየኋት፤ ጭሱን ታያለች። ማን እንደሚያበስልላቸው ታስብ ይሆናል። እኔም አሰብኩ።

ማንኛውም ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ገልጬ ማየት አልፈልግም።

ነሐሴ 9
ረጅም ቀን። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያኑን ለማጠብ ተሰብስበው ነበር። ለበዓሉ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ሪም ትዘፍናለች፤ ውሃ ይረጫል፤ ሳቅ ነው። ነዕማም ከእነሱ ጋር ታጥባለች። መቅደሱ ውስጥ ስገባ ብቻዋን አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃለች። ሌሎቹ በጫማቸው ቆመው በመወልወያ ሲወለውሉ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከዳር ሆና፣ እጇን ዘርግታ መሀሉን በጨርቅ ታብሳለች። የማይደርስላት ቦታ ሲሆን ዞራ በሌላው ወገን ትመጣለች። የምትዞርበት መስመር ጎባጣ ነው። ግማሽ ጨረቃ። ከሊሾው ሥር ያለው ግድግዳ የት እንደሚያልፍ አልረሳችውም።

«ለምን መሀሉ ላይ አትቆሚም?» አልኳት። ሞኝ ጥያቄ።

«አባዬ አይረገጥም ብሏል» አለችኝ።

ያስወጧት አባቷ። በእኔ ምክንያት ያስወጧት። እኔ በጫማዬ መሀሉ ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። ዝናብ እየዘነበ በእግሬ ወረድኩ። ማህጁብ ደጃቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሲያዩኝ አልተነሡም። ቁጭ በል አላሉኝም። ቆሜ ጀመርኩ፤ ግድግዳውን፣ ደረጃውን፣ መስቀሉን፣ ጠጠሩን ነገርኳቸው። አደራዎን በልቻለሁ አልኩ። ወለሉ ተነሥቶ ድንጋዩ እንደሚወጣ፣ ለቢሮም እንደማመለክት ተናገርኩ። ብዙ ተናገርኩ። እሳቸው መፈልፈላቸውን አላቆሙም።

ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦ «ድንጋይ መሬት ውስጥ ነው። ድንጋይ ይቆያል። ስለ ድንጋይ ነው የመጣው አንተ?»

በቆሎውን አስቀመጡ።

«ልጄ ዋሽቶ አያውቅም። ከትንሽነቱ አያውቅም። አንተ አላህን አስጠራው በውሸት። ከቤቴ አወጣው። ማታ ማታ እኔ ብቻዬን ነው የሚበላ። ስለ ልጄ ምን ትላለህ?»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ተንበረከክሁ መሰለኝ፤ ሱሪዬ ጭቃ ነው።

«እኔ ጋ አይደለም። ልጄ ሰው ፊት ውሸታም ሆነ። አንተም ሰው ፊት ተናገር።»

ነሐሴ 10
ጳጳሱ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ሰሙኝ። «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አሉ። በዓሉ ቀርቷል።

ነሐሴ 12፣ ዓርብ
ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊዱ ፊት ለፊት፣ ማንጎ ዛፎቹ ሥር። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ ወጣቶቹ ቆመው። ነዕማን ሴቶቹ መሀል አስቀመጧት። ሀይደር ወደ ቋንቋቸው ወደ በርታኛ ሊተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመ።

«የግንባታው ሁኔታ አስገድዶን፣ የክረምቱን መግባት ግምት ውስጥ በማስገባት፣ የተገኘውን ነገር በወቅቱ ይፋ ማድረግ ሳይቻል ቀርቶ...» ብዬ ጀመርኩ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ነው።

ሀይደር አልተረጎመም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባ፣ ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉመው? በእኛ ቋንቋ አጭር ነው። ዋሽተዋል ወይስ አልዋሹም?» አለኝ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ።

ተረጎመው። አንድ ቃል ናት።

«ነዕማን ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። አባቷን እንዳትነግር የለመንኳት እኔ ነኝ። ዝም እንድትልልኝ ብዬ ሥራ ሰጠኋት። ማንም አላጠመቃትም። ማደሪያ አጥታ ነው እኔ ጋ ያደረችው፤ ማደሪያ ያሳጣኋትም እኔ ነኝ።»

«ዝም እንድትልልኝ ብዬ» የሚለውን ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት።

ከወጣቶቹ አንዱ ጮኸ። ማህጁብ እጃቸውን አነሡ፤ ዝም አለ። ሌላ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ሰው ተበተነ። እኔ የምሄድበት ጠፍቶኝ ጥቂት ቆየሁ።

ነሐሴ 16
ፍልሰታ። በቆርቆሮው አዳራሽ ቀደስኩ። አዲሱ ተቆልፏል። ለምእመናኑም ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ሥጋ ወደሙን ሳይቀበሉ ወጡ። ሪም በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አቡና፣ ጉድጓዱን ከመሙላትህ በፊት ብትጠይቀን ኖሮ እንጠብቅ ነበር። እኛ መጠበቅ እናውቃለን» አለችኝ።

እነሱን ጠይቄ አላውቅም። ለእነሱ ስል ነው እያልኩ ነበር የከረምኩት።

ነሐሴ 25
የቅርስ ባለሙያዎች ከአሶሳ መጡ። የመቅደሱ ወለል ይነሣ ተባለ። የምዕራቡ ክፍል ሊቆይ ይችላል፤ የቤቱ ዕጣ በጥናቱ ይወሰናል። የሚያነሣውም ደባልቄ ነው፤ ደውዬለት መጣ። ሰላም አለኝ፤ ይፍቱኝ ግን አላለም። ሊሾውን በመዶሻና በሹል ብረት ቀስ እያለ ሲያነሣ ዋለ።

የመሠረቱ ፌሮ የገባበት የድሮው ግድግዳ ተሰንጥቋል። የመስቀሉ አንዱ ክንድ ከአርማታው ጋር ተያይዞ ተነሣ። ላስቲኩ አላዳነውም። ስንትና ስንት ዘመን የዘነበበት፣ ከብት ያልገባበት፣ ማንም ያልነካው ነገር ነው። እኔ ደርሼበት ክረምት እንኳ አላለፈም።

ደባልቄ ስባሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ከባለሙያዎቹ ለአንዷ ሰጣት። ወደ እኔ አላየም።

ጳጉሜን 2
ሀገረ ስብከቱ ጽፏል። ከመስቀል በዓል በኋላ እዛወራለሁ። የት እንደሆነ አልተገለጸም። ነዕማ ሥራዋ ላይ ናት፤ በራሷ ፈቃድ። አባቷ አልጠሯትም። ያን ዓርብ የተናገርኩት ምን ጠቀመ? እንዲጠቅመኝ ነበር እንዴ የተናገርኩት?

ጳጉሜን 4
ማህጁብ መጡ።

ከኮረብታው በታች ባለው በር ነው የገቡት። ወደ ጉድጓዱ አላዩም። ወጥ ቤቱ ፊት ቆመው ስሟን ጠሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ነዕማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ያወሩትን አልሰማሁም፤ ብዙም አላወሩም። እሷ ጉልበታቸውን ልትይዝ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው አቆሟት። ራሷ ላይ እጃቸውን አድርገው ቆዩ።

ክፍሏ ገብታ ዕቃዋን ሰበሰበች። ፍራሹን እሷ ልትሸከም ስትል ቀሟት። ሽማግሌ ሰው፣ ፍራሽ ትከሻቸው ላይ። ሮጬ ሄድኩ።

«አባቴ፣ መኪናው አለ፤ ላድርሳችሁ» አልኩ።

«እግር አለን» አሉኝ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ነዕማ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ጭቃውን እየመረጡ ቁልቁለቱን ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ አዳለጣቸው፤ እሷ ዞራ እጇን ሰጠቻቸው፤ ያዙት። እንደተያያዙ ቀሩ። ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ቆሜ አየሁ፤ አንዳቸውም ዞር አላሉም።